ሦስቱ ቁራጮች፦ ከአንድ አሮጌ ወይን ትንሽ የወይን ማሳ ስለ መጀመር

(በባህር ዳር፣ ሽምብጥ፣ በጥቅምት ወር ለጓሮ አትክልት አልሚ ጎረቤቶች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ተገልብጦ በጥቂቱ ብቻ ተስተካክሏል።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ገበያችሁን ትታችሁ ስለ ወይን ልትሰሙ መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እግዜር ያክብርልኝ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ።

በሩ አጠገብ በእርጥብ የማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር አይታችኋል። በኋላ እንደርስበታለን። ለጊዜው አትንኩት። ፀሐይ እንዳያገኘው ብዬ ነው ጥላ ውስጥ ያስቀመጥኩት።

ሦስት ነገር ልናገር ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ አሮጌ ወይን ለምን ይፈለጋል? ሁለተኛ፣ ከእሱ ላይ ቁራጭ እንዴት ይወሰዳል? ሦስተኛ፣ ቁራጩ ማሳ እንዲሆን ምን ይደረጋል? መሃል ላይ ስለ አያቴ ማውራቴ አይቀርም። ያለ እሷ ይህን ነገር ማስረዳት አልችልም።

አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። ግቢዋ እዚሁ ሽምብጥ ነበር። ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር አንዲት ወይን ነበረች። ግንዷ የሰው ጭን ያክላል። ቅርፊቷ እንደ አሮጌ ገመድ በረጅሙ ይላጣል። በባህር ዛፍ አጣና የተሠራ ዳስ ነበራት። ከዳሱ ሥር ቡና ይፈላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ እኛ ልጆች የቤት ሥራ እንሠራለን። ማን እንደተከላት ብትጠይቋት እምዬ መልሷ አንድ ነበር፦ «እኔ ስዳር እዚህ ነበረች።»

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። አሮጌ ወይን ለምን?

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ወይን በፍሬው ዘር ቢበቅል እናቱን አይመስልም። ከጣፋጭ ወይን ዘር ኮምጣጣ ሊወጣ ይችላል። ያንኑ ወይን ለማግኘት ያለው መንገድ ከግንዱ ቆርጦ መትከል ነው። ስለዚህ ቁራጩን ልጇ ነው አትበሉ። ራሷ ናት! እምዬ ግቢ የነበረችው ወይን ከሌላ ሰው ግቢ ተቆርጣ የመጣች ናት። ያችም ከሌላ። ወይን ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ እየተላለፈች የምትኖር ተክል ናት። እጅ ከተቋረጠ ትቋረጣለች።

ስሎቬንያ ውስጥ ማሪቦር የምትባል ከተማ አለች። እዚያ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ ከ400 ዓመት በላይ የኖረች ወይን አለች። የወይን ሥር የሚበላው ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓን ወይን ሲፈጅ እሷ ተረፈች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብም ተረፈች። የከተማዋ ሰዎች ይህችን ወይን ምን ያደርጓታል? አጥረው ብቻ ያስቀምጧታል? አይደለም። ቁራጮቿን ለሌሎች ከተሞች በስጦታ ይሰጣሉ። እንግሊዝ አገር፣ ሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ውስጥ ደግሞ በ1768 እ.ኤ.አ. የተተከለች ወይን ዛሬም ታፈራለች። አሮጌ ወይን ማለት የሞተ ወይን ማለት አይደለም።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ጋ የት ታውቆ» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር መጥቶ ነበር። ከጣና ምሥራቅ በእንፍራንዝና በቃሮዳ በኩል ስላለው ወይንና የወይን ጠጅ ጽፏል። ይህ ከእኛ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ደግሞስ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ምን ይዘን ነው የምንሄደው? ዕጣን፣ ጧፍ፣ ዘቢብ! ዘቢብ ምንድን ነው? የደረቀ ወይን እኮ ነው። ለቅዳሴ የሚቀርበው ከእሱ ተዘፍዝፎ ነው። ወይን የሌለበት ቅዳሴ የለም። ታዲያ ወይንን እንግዳ ማን አደረገው?

በአገራችን ትልልቅ የወይን ማሳዎችም አሉ። ባቱ፣ ዝዋይ ማለቴ ነው፣ ካስቴል የተባለው የወይን ጠጅ አምራች ከፈረንሳይ ያስመጣውን ችግኝ ተክሎ በ2014 እ.ኤ.አ. ጠርሙሱን ገበያ አወጣ። ጥሩ ነው። ግን ባቱና ባህር ዳር አንድ አይደሉም። እኛ ጋ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደውን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ለወይን ይህ ቀላል አይደለም። በአንድ ሰፈር ግቢ ሃምሳ፣ ስልሳ ክረምት ያለፈች ወይን ግን ፈተናውን አልፋለች። የእኛን ዝናብ ታውቀዋለች። አሮጌዋን የምፈልጋት ለትዝታ ብቻ አይደለም። ለዚህ አፈር የተፈተነች ስለሆነች ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው።

የእምዬ ሰፈር ለመንገድ ማስፊያ እንደሚፈርስ የተነገረን ሚያዝያ ላይ ነበር። እምዬ ያኔ አርፋለች። ወይኗ የትም አትሄድም ብለን ነበር መሰለኝ፣ ማናችንም አላሰብናትም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ማሽኑ ነገ ይመጣል ተባለ። በዚያች ማታ በባትሪ ብርሃን 33 ቁራጭ ቆረጥኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። 30ውን እኔ ወሰድኩ። ሦስቱን ለጎረቤታችን ሰጠኋት። እትዬ ነው የምንላት። «ለእኔም ስጪኝ፣ ሽታዋ እንዳይጠፋ» ብላኝ ነው የሰጠኋት። ያው ለደግነት ነው፣ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም።

30ውን ወደ አዲሱ ግቢዬ ወስጄ በቀጥታ መሬት ውስጥ ተከልኳቸው። አፈሩ ዋልካ ነው። ሰኔ ገባ። ዝናቡ መጣ። ውሃው ቆመ። ቁራጮቹ ከሥር ጥቁር ሆነው በሰበሱ። ሐምሌ ላይ አንዱን ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣ፤ ጫፉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ይላላ ነበር። 30ውም አለቁ። 30ውም!

እትዬ ጋ ሄድኩ። ጣራ ክፈፍ ሥር፣ ከታች በምስማር የተበሳ የዘይት ጣሳ አለ። ውስጡ አሸዋ የበዛበት አፈር ነው። ሦስት ቁራጭ ቆሟል። በሦስቱም ላይ የአይጥ ጆሮ የምታክል ቅጠል ወጥታለች። ጠርዟ ቀላ ብሎ፣ ጀርባዋ ነጭ ጠጉር አለው። እዚያው ጣሳው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ በእኔ ማሳ ያሉት 40 የወይን እግሮች በሙሉ የመጡት ከእነዚያ ከሦስቱ ነው። ለራሴ ካስቀረሁት አንድም አልተረፈም። የተረፈው የሰጠሁት ነው። ይህን ያዙልኝ።

ስለዚህ አቆራረጡን በደንብ ስሙ። እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያለው፣ በዘንድሮ እድገት የወጣና ቡናማ የሆነ ዘንግ ምረጡ። አረንጓዴው ገና ልጅ ነው፣ ይበሰብሳል። በጣም አሮጌው ደግሞ ሥር ለማውጣት ይሰንፋል። ርዝመቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ሦስት ወይም አራት ዓይን ያለው ይሁን። ዓይን የምለው ቅጠል የሚፈነዳበትን እብጠት ነው። ከታች በኩል ከአንጓው ሥር ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከላይ በኩል ከዓይኑ ሁለት ጣት ከፍ ብላችሁ በሰያፍ ቁረጡ። ለምን ሰያፍ? ቁራጮቹ ከተደባለቁ ላዩና ታቹ እንዳይጠፋባችሁ ነው። ተገልብጦ የተተከለ ወይን አይሆንም። ቀጥ ያለው ወደ መሬት፣ ሰያፉ ወደ ሰማይ። አንድ ላይ በሉት እስቲ። ቀጥ ያለው? ወደ መሬት! ሰያፉ? ወደ ሰማይ! ጎበዞች።

ሁለት ዓይን አፈር ውስጥ ይቀበር። ፕላስቲክም ይሁን ጣሳ፣ ከሥሩ ውሃ የሚያወጣ ቀዳዳ ይኑረው። አፈሩ አሸዋ ይብዛበት። ጥላ ይኑረው። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ወይን ቅጠሉን ከሥሩ ቀድሞ ነው የሚያወጣው። ቅጠል ስላያችሁ «ያዘ!» ብላችሁ እንዳትነቀንቁት። ሥሩን ለማበጀት ሁለት ወር ገደማ ይወስድበታል። በጥቅምት የተተከለ እስከ ሰኔ እዚያው ጣሳው ውስጥ ይቆይ። ሰኔ ላይ ሥር ያለው ችግኝ ሆኖ ወደ ማሳ ይገባል። የእኔ 30ው የሞቱት ሥር ሳይኖራቸው ክረምት ስለያዛቸው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ከሌላ አገርም ሆነ ከሩቅ ሥሩ ከነአፈሩ የመጣ ወይን አትቀበሉ። የነገርኳችሁ ፊሎክሴራ ሥር ላይ ነው የሚኖረው። ታጥቦ የጸዳ ቁራጭ ይበቃል።

ሦስተኛው ማሳው ነው። ትንሽ ማሳ ስንት ነው? የእኔ 200 ካሬ ነው። በረድፍና በረድፍ መካከል ሁለት ሜትር ተኩል፣ በእግርና በእግር መካከል ሁለት ሜትር። 40 እግር ይይዛል። ጉድጓዱ በሁሉም በኩል 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የበሰለ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱበት። ዋልካ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ መደብ ሥሩ። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ አትድከሙ። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ።

ሐይቁ ጥግ ድረስ ሄዳችሁ ግን አትትከሉ፣ እባካችሁ። ደንገሉ ይኑር። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ስፍራ ነው። ዳሩን አርሰን ጨረስነው እኮ። ጉማሬም አለ። ማታ ወጥቶ ጓሮ ሲግጥ ያየ ያውቀዋል።

እምቦጩን የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ከሐይቁ የወጣ እምቦጭ ፀሐይ ላይ በደንብ ከደረቀ በኋላ ለወይን እግር ልባስ ይሆናል። አፈሩን ከበጋው ፀሐይ ይከልልላችኋል። ግን ዘሩ ክፉ ነው፣ ለዓመታት ይቆያል። ከውሃ ርቆ ይድረቅ። ቦይ ጋ እንዳታስጠጉት።

አሁን የዛሬው ትልቁ ጉዳይ፤ ግረዛ። የወይኑን ትርፍ ዘንግ ቆርጦ መጣል ማለቴ ነው።

ስለ እምዬ ወይን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ወይኗ ቅጠል ብቻ ሆና ነበር። ዳሱን ሞልታ ጣራ ላይ ወጥታለች። ፍሬዋ ግን አንድ እፍኝ አይሞላም። «አረጀች» ይባል ነበር። አንድ ቀን በመስከረም ወር የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ይሠሩ የነበሩ አንድ ጋሼ ለሌላ ጉዳይ ቤታችን መጡ። ቀና ብለው አዩና «እማማ፣ መቀስ አለ?» አሉ። ከዚያ ይቆርጡ ጀመር። ይቆርጣሉ፣ ይቆርጣሉ። ከአሥር እጅ ዘጠኙን መሬት ላይ ጣሉት። ዳሱ ራቁቱን ቀረ። ጨርሰው ሲወርዱ ከየቁርጡ አፍ ውሃ ይንጠባጠባል። ጠብ... ጠብ... ጠብ። የቡናው ረከቦት ላይ ሳይቀር ይንጠባጠብ ነበር። እምዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ምነው ልጄ፣ ገደልካት እኮ! እያለቀሰች ነው!» አለች። እሳቸውም «እማማ፣ በጥር እመለሳለሁ። ያኔ ይፍረዱብኝ» ብለው ሄዱ። እምዬ ለሳምንት ያህል ያንን ዳስ ቀና ብላ አላየችም።

ያ ውሃ ደም አይደለም። ሥሩ እየሠራ ስለሆነ ወደ ላይ የሚገፋው ውሃ ነው። በጥቂት ቀን ይቆማል፣ ተክሉን አይጎዳውም። ከዚያ ዓይኖቹ ፈኩ። ጥቅምት ላይ አበባው መጣ፤ ለዓይን አይታይም፣ ሽታው ግን ግቢውን ይሞላል። ለጥምቀት ሰሞን ዘለላው ጠቁሮ ወርዶ ነበር። ጋሼም ቃላቸውን ጠብቀው በጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ቀን መጡ። እምዬ የመጀመሪያውን ዘለላ በሰፌድ አድርጋ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «ፈርጄልሃለሁ» አለች።

ለምን እንዲህ ሆነ? ወይን ፍሬ የሚሰጠው አምና ባደገው ዘንግ ላይ ዘንድሮ በሚበቅለው ቅርንጫፍ ነው። አሮጌው እንጨት ተሸካሚ ብቻ ነው፣ አያፈራም። ካልገረዛችሁት ጉልበቱን ሁሉ እንጨት ለመሸከም ያውለዋል። ሌላም አለ። በቀዝቃዛው አገር ብርዱ መጥቶ ቅጠሉን ያራግፍና ወይኑን ያስተኛዋል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ብርድ የለም። ወይናችን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ እንቅልፍ የለውም። እንቅልፉን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፣ በመቀስ። ዝናቡ ሲወጣ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ ትገርዛላችሁ። ከዚያ አራት ወይም አምስት ወር ቆጥራችሁ ፍሬውን በበጋ ትለቅማላችሁ። አበባውም ፍሬውም ከዝናብ ይድናል። ጊዜውን ካሳታችሁት ግን ፍሬው ሐምሌ ላይ ይመጣና ዘለላው ላይ ይሻግታል።

አዲስ ለምትተክሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ምረጡና በችካል ቀጥ አድርጋችሁ አሳድጉ። ሌላውን አንሱ። በቋሚዎች መካከል የተወጠረው ሽቦ ጋ ሲደርስ፣ የወገብ ቁመት ላይ ማለት ነው፣ ጫፉን ቀንጥቡት። ሁለት ክንድ ግራና ቀኝ ያወጣል። ክንዶቹን ሽቦው ላይ አስሩ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በክንዶቹ ላይ በየአንድ ስንዝሩ አንዳንድ ጉጥ፣ አጭር የዘንግ ቅሪት ማለት ነው፣ በየጉጡ ሁለት ሁለት ዓይን ብቻ አስቀሩ። በመጀመሪያው ዓመት ዘለላ ቢወጣ አንሱት። ያማል፣ አውቃለሁ። ሥሩ ይቅደም። ደህና ፍሬ የምታዩት በሦስተኛው ዓመት ነው። ለቋሚው ጽድ ከተገኘ ጽድ ይሁን። ባህር ዛፉን ምስጥ ቶሎ ያወርደዋል።

በሽታውን በአጭሩ። ቅጠሉ አመድ የተነሰነሰበት ከመሰለ ለእሱ ድኝ አለ። ቅጠሉ ከላይ ዘይት የነካው ዓይነት ቢጫ ነጥብ፣ ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ካወጣ ደግሞ ሌላ ነው፤ ለእሱ የቦርዶ ውሁድ ይረዳል። ኮፐር ሰልፌትና ኖራ ነው። አመጣጡን ታውቃላችሁ? ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ውስጥ መንገድ ዳር ያሉ ገበሬዎች መንገደኛ ወይናቸውን እንዳይለቅም ይህን ሰማያዊ ነገር ይረጩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሚላርዴ የሚባል ሊቅ ሲያልፍ የመንገድ ዳሩ ወይን ብቻ ጤነኛ ሆኖ አየ። መድኃኒቱ እንዲህ ተገኘ። ለ10 ሊትር ውሃ 100 ግራም ኮፐር ሰልፌትና 100 ግራም ኖራ፣ በፕላስቲክ ባልዲ፤ ብረት ይበላል። ፍሬ ለመልቀም ሲቃረብ አትርጩ። ከሁሉ በላይ ግን ነፋስ በመሃሉ እንዲያልፍ ቅጠሉን አሳሱ።

ለወፍ? ከዓሣ አጥማጆቻችን ያረጀ መረብ ጠይቁ። ወጥራችሁ አልብሱት፤ ከላላ ወፎቹ ተጠላልፈው ይሞታሉ።

ስትለቅሙም አትቸኩሉ። ማንጎ ከተቆረጠ በኋላ ይበስላል። ሙዝም ይበስላል። ወይን አይበስልም። ኮምጣጣ ሆኖ ከተቆረጠ ኮምጣጣ ሆኖ ይቀራል። መልኩን አትመኑ፣ ቅመሱት። ዘሩ ቡናማ ሆኖ በጥርስ ሲሰበር ደርሷል። አንድ ኪሎ ዘቢብ ለማድረቅ አራት ኪሎ ገደማ ወይን ይፈጃል። እኔ የመጀመሪያውን ምርቴን በሰፌድ አድርቄ ዘቢቡን ለአጥቢያችን ነው የወሰድኩት። ከሱቅ ያልተገዛ፣ ከሽምብጥ የበቀለ ዘቢብ! ቄሰ ገበዙ እፍኝ ዘግነው አሸተቱትና ዝም አሉ።

አሁን ልለምናችሁ። በየሰፈራችን አሮጌ ወይን አለ። ቀበሌ 11ም፣ ግሽ ዓባይም፣ ሰፈነ ሰላምም። ማድ ቤት ጀርባ፣ አጥር ላይ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው። ቤቱ ነገ ይፈርሳል፣ ፎቅ ይሠራል። እባካችሁ እንደ እኔ የመጨረሻዋን ማታ አትጠብቁ። ባለቤቱን ጠይቁ። ግረዙለት፣ ይጠቅመዋል። ከተገረዘው ቁራጭ ውሰዱ። ከማን ግቢ፣ በስንት ዓ.ም. እንደወሰዳችሁ በቆርቆሮ ላይ በምስማር ጽፋችሁ እግሩ ላይ እሰሩ። ስሙን ካላወቃችሁ የፈረንጅ ስም አታውጡለት። የእኔ ረድፍ ላይ «የእምዬ» ነው የሚለው።

ያ ጥቅል እንግዲህ የእሷ ነው። ትናንት ማታ ነው የገረዝኩት። 120 ቁራጭ አለ፤ ቆጥሬአችኋለሁ፣ ለ40 ሰው ሦስት ሦስት ይደርሳል። ሁለቱን ለራሳችሁ ትከሉ። ሦስተኛውን ቤት ሳትገቡ ለጎረቤት ስጡ፣ ዛሬውኑ። ፌስታል ያልያዛችሁ እትዬ ጋ አለ፤ ያቻት ነጠላ ያጣፋችው። ስታወጡ አትጎትቱ፣ ዓይኑ ይሰበራል። በሰልፍ ኑ፣ እናቶች ይቅደሙ። ሰያፉ ወደ ሰማይ ነው፣ እሺ?